ሚንታ ይርውድ እና በጭንቅላት የተጓዘች ጸሎት ቤት

በስኪት ሂል የሸንኮራ እርሻ መንደር ግትር ፍጥረት ሁለት ነበር፤ አንደኛው የእርሻው ግራጫ በቅሎ፣ ሁለተኛዋ እኛ ሚንታ የምንላት ኤርሚንታ ይርውድ። በቅሎው እንኳ ሲመቱት ያፈገፍጋል። ሚንታ ግን ዱላ ባየች ቁጥር እግሯን ይበልጥ የምትተክል ሴት ነበረች።

እናቷ ከሸንኮራ ማሳ ስትመለስ ምጥ ይዟት ሜቶዲስት በሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት ደረጃ ላይ ነው የወለደቻት ይባላል። ሚንታ ይህን ወሬ አላረጋገጠችም፣ አላስተባበለችምም፤ የሚጠቅማት ወሬ ነበርና ዝም አለች። ክፉ ደግ ሳታውቅ ከሕፃናቱ ጋር አረም ነቃይ ሆና ማሳ ገባች። የእርሻው ተቆጣጣሪ "በሥራ ሰዓት መዝሙር የለም" ብሎ ሲከለክል ሌሎቹ ልጆች ዝም አሉ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ተገረፈችና ማታ እናቷ ቁስሉን እያጠበች "ነገ ዝም ትያለሽ?" ብትላት፣ "ነገ ሌላ መዝሙር እዘምራለሁ" አለቻት። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሌላ ሚንታ አልነበረችም።

ጸሎት ቤቷ ከሚንታ በዕድሜ ትበልጣለች። በባርነት ዘመን ጌቶቹ የሜቶዲስት ሰባኪ ባዩ ቁጥር "ባሪያዎቻችንን ሊያሳምጽብን መጣ" እያሉ በድንጋይ ያባርሩት ስለነበር፣ አያቶቻችን ገደል ውስጥ ተሸሽገው በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። ነጻ የወጡ ዕለት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጮክ ብሎ መዘመር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ዓለት ላይ ወጥታ ከተሰበረች መርከብ ሳንቃ እየለቀሙ፣ አንዷ በራሷ፣ አንዱ በትከሻው እየተሸከመ ዳገቱን አወጡትና ቤት ሠሩ። የዚያን ዘመን የእርሻው እመቤት "እዚያ ጥግ ላይ ተቀመጡ" አለቻቸው። ወረቀት አልሰጠችም፤ የጠየቃትም የለም።

እኛ ዘንድ ድሃ ቤት አለው እንጂ መሬት የለውም። ጣሪያው የራሱ፣ ከሥሩ ያለው አፈር የእርሻው ነው። ስለዚህ ቤት በተደረደረ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይተከልም። "ውጣ" የተባለ ሰው ግድግዳውን በየክፋዩ ነቅሎ፣ ቆርቆሮውን አውርዶ፣ ጋሪ ላይ ጭኖ ይሄዳል። ጸሎት ቤቷም እንደኛው ነበረች። ያን ሁሉ ዘመን የሰው አፈር ላይ ቁጭ ብላ ኖረች፤ ደግነቱ ማንም አላስታወሳት።

ቄሱ ከከተማ የሚመጣው በወር አንድ ጊዜ ነበር፤ ሌሎች ብዙ ጸሎት ቤቶች ነበሩበት። በቀሩት ሳምንታት ቤቷን የምትይዘው የጸሎት ቡድን መሪዋ ሚንታ ናት። በየሳምንቱ አባላቱን ክብ አስቀምጣ፣ እያንዳንዱን ዓይን ዓይኑን እያየች "ነፍስህ እንዴት ከረመች?" ብላ ትጠይቃለች። የመንደሩ ጎረምሳ ዳኛ ፊት ከመቆም ይልቅ ይህን ጥያቄ ይፈራ ነበር። ዳኛን መዋሸት ይቻላል፤ ሚንታን ግን እንዴት ተደርጎ!

ችግሩ የመጣው በአጨዳ ወራት ነው። ሸንኮራ ቆራጮቹ "በዚህ ደመወዝ አንቆርጥም" ብለው ቆንጨራቸውን አስቀመጡ። የሚሰበሰቡበት ቤት ጠፋ፤ የደብሩ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ የጌቶች ነው። ሚንታ የጸሎት ቤቷን በር ከፈተችላቸው። ከፍታም አልሄደችም፤ ፊት ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣ አዳመጠች፤ ተሳዳቢ ሲኖርም "እዚህ ቤት ውስጥ ሄሬልን መስደብ ክልክል ነው፤ ውጭ ወጥታችሁ ስደቡት" አለች።

ሄሬል የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሰኞ ጠዋት ፈረሰኛ ላከ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መጥለቂያ ጸሎት ቤቷ ከእርሻው መሬት ትነሣ፤ ካልተነሣች ከነወንበሯ የእርሻው ትሆናለች፣ ሳንቃዋም ለበቅሎዎቹ ጋጣ ይውላል። መክሰስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የአካባቢው ዳኛ የሄሬል ሚስት ወንድም ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

በማግስቱ ቄስ ዊልክስ ከከተማ በጋሪ መጣ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ትልልቅ ሰዎች ሲቆጡ ቶሎ እሺ የሚል ሰው ነበር።

"እህት ይርውድ፣ ይህ ፈተና ነው። በትዕግሥት እንለፈው" አለ።

"እንዴት አድርገን ነው የምናልፈው?"

"ሳንቃዎቹን እንሸጣለን። እናንተም ከተማ መጥታችሁ ከእኛ ጋር ታመልካላችሁ።"

"በእግራችን?"

"በጋሪ።"

"ጋሪው የማን ነው?"

በስኪት ሂል ያለ ጋሪ ሁሉ የእርሻው እንደሆነ ቄሱም ያውቃል። ነገሩን አዞረና "እኔም የሚጠይቀኝ አለቃ አለኝ" አለ። "እሑድ ጸሎት ቤቷ ቆማ፣ በገዛ ጣሪያዋ ሥር አምልኮ ካልተደረገባት፣ ከጸሎት ቤቶቻችን ቁጥር ለማውጣት እገደዳለሁ። ያን ጊዜ ስኪት ሂል የሚባል ጸሎት ቤት አይኖርም።"

"በገዛ ጣሪያዋ ሥር" አለች ሚንታ ቃሉን እየደገመች። "መልካም። ይህን ቃልዎን ይያዙልኝ።"

ይህን ስትል ጸሎት ቤቷን የት እንደምታስቀምጣት አታውቅም ነበር። ቤት መንቀል ቀላል ነው፤ እኛ ቤት ስንነቅል ነው ያደግነው። መሬቱ ነው የጠፋው። መንደሩ በሙሉ የእርሻው ጭሰኛ ነው። ከእርሻው እጅ ውጭ ያለችው አንዲት ድንጋያማ ቁራጭ መሬት ስትሆን፣ የእሷም ባለቤት ዳርንሊ ሲሊ ነው፤ አረቄ ሻጩ። ሜቶዲስት ደግሞ አረቄ በአፉ አያዞርም።

በዚያ ላይ የቆየ ነገር አለ። ሲሊና የሚንታ ባል ጆሴፈስ አብረው ያደጉ፣ አብረው ፓናማ ሄደው ቦይ የቆፈሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ጆሴፈስ እዚያው ቀረ። ሲሊ የወርቅ ጥርስ አስተክሎ፣ ሸክላ ማጫወቻና የጆሴፈስን ሰዓት ይዞ ተመለሰ፤ ሰዓቱን ለሚንታ ሰጠ፤ በገንዘቡ ያቺን ድንጋያማ መሬት ገዝቶ አረቄ ቤት ከፈተባት። የዚያን ዓመት የመከር ምስጋና ቀን፣ ድሆች ያመጡት ዱባና ስኳር ድንች ጸሎት ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሳለ፣ ሰክሮ ገባና ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ሚንታ ተነሥታ በሕዝብ ፊት "ከዛሬ ጀምሮ ዳርንሊ ሲሊ ከእኛ ጋር አይቆጠርም" አለች። ከዚያ ወዲህ ፀጉራቸው እስኪሸብት ሰላም ተባብለው አያውቁም።

ረቡዕ ሚንታ ነጭ የእሑድ ቀሚሷን ለበሰች። በጓሮ በኩል ሹልክ ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን ሰው ሁሉ እያያት በጠራራ ፀሐይ መንገዱን አቋርጣ አረቄ ቤት ገባች። ዶሚኖ የሚጫወቱት ሰዎች ድንጋያቸውን ጠረጴዛው ላይ ሊያጮሁ እንዳነሡ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ምን ልቅዳልሽ?" አላት ሲሊ።

"ምላስህን ሰብስብ። መሬት ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ወይ ጉድ! ሰማችሁ ጎበዝ? ያባረረችኝ ሴት ዓይኗን በጨው አጥባ መሬት ልትለምነኝ መጣች!"

"አልለመንኩህም፤ ጠየቅኩህ። ልመናና ጥያቄ መለየት ካልቻልክ ያን ሁሉ አገር መዞርህ ምን ፈየደልህ?"

ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ሳቁ። ሲሊ አልሳቀም። ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ጎንበስ አለ።

"እንግዲያው በእነዚህ ሰዎች ፊት 'ያን ቀን ተሳስቼ ነበር' በይ። በይና መሬቱን ውሰጂ።"

አንዲት ቃል ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን ለጸሎት ቤቷ ሲል ይላት ነበር፤ እግዜርም የሚቆጣ አይመስለኝም። ሚንታ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእሷ የተተረተ ይመስል ነበር።

"አልተሳሳትኩም" አለች። "ሰክረህ ነበር። የድሃ ዱባ ረግጠሃል። ዛሬም ብታደርገው ዛሬም አባርርሃለሁ።"

"ለምን እንደጠጣሁ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ጠይቄህ አላውቅም።"

"አሁንስ?"

"አሁን መጠየቅ አያስፈልገኝም።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ድማሚቱ ጆሴፈስን ሲወስደው አጠገቡ ነበርክ። እኔ ስጸልይ አንተ ጠጣህ። ይገባኛል፣ ዳርንሊ። ጠረጴዛው ላይ መውጣት ግን አልነበረብህም።"

ሲሊ ጨርቅ አንሥቶ ንጹሑን ባንኮኒ ይወለውል ጀመር።

"ለመሬት ብለሽ ዋሽተሽ ቢሆን ኖሮ ከነቀሚስሽ አስወጣሽ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ከግድግዳዬ እስከ ዳገቱ አናት ያለው የጸሎት ቤቷ ይሁን። ነገ ከተማ መዝገብ ቤት ሄጄ አስጽፈዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም ተነሡ እንዳይላችሁ። አረቄ ቤቴን ግን አልዘጋም።"

"እኛም መዝሙራችንን ዝቅ አናደርግም።"

"እናያለና፣ ማን ማንን እንደሚያስመርር!"

ወሬው ከተማ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ቄስ ዊልክስ መልእክተኛ ላከ፤ በአረቄ ሻጭ መሬት ላይ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ማቆም የማይሆን ነገር ነው፣ እሱም እዚያ እግሩን አያሳርፍም አለ። ሚንታ ልብስ እያጠበች ነበር። ቀናም አላለች።

"ለቄሱ ንገረው" አለችው መልእክተኛውን፣ "መሬቱ አልሰከረም።"

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ሰዉ ተሰበሰበ። ሄሬል በቅሎዎቹንና ጋሪዎቹን ሁሉ አስቆልፎባቸዋል፤ የሚያከራይ ቢገኝ ከሥራ እንደሚባረርም አስነግሯል። "እንግዲህ ጭንቅላታችንን አልቆለፈብንም" አለች ሚንታ። አናጢው ወንድም ፊትዝኸርበርት ቤቷን ከላይ ወደታች ፈታት፤ በእያንዳንዱ የግድግዳ ክፋይ ላይም የት እንደሚገጥም በጠመኔ ምልክት አደረገበት። የመርከብ ሳንቃ ነውና አንዱ ከአንዱ ቁመቱም ስፋቱም አይመሳሰልም፤ ያለቦታው ከገባ አይጋጠምም። ሸንኮራ ቆራጮቹ መጡ። በደብሩ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ወንበር ላይ ሲያመልኩ የኖሩ ሴቶች መጡ። ዶሚኖ ተጫዋቾቹም ዓይናቸውን እያሻሹ መጡ።

ወደ ሲሊ መሬት የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በገደሉ በኩል የሚያልፍ፣ አጭርና ከሰው ዓይን የተሰወረ። ሁለተኛው በሄሬል በር ላይ የሚያልፈው ዋናው መንገድ።

"በገደሉ እንሂድ" አለ ፊትዝኸርበርት። "ማንም አያየንም፣ ነገርም አንፈልግም።"

"አያቶቻችን ገደል ውስጥ የተደበቁት ይበቃል" አለች ሚንታ። "ይህች ቤት በገደል አትሄድም።"

የጸሎት ቤቷን በር ብቻዋን በጭንቅላቷ ተሸክማ ፊት ወጣች። ከኋላዋ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ወንበሩ፣ ቆርቆሮው በሰው ጭንቅላት ላይ ተከትሏት ዋናውን መንገድ ሞላው። መዝሙር ያነሣችው እሷ ናት፤ የማይዘምረውም ሁሉ ዘመረ። እኔ እላችኋለሁ፣ ያን ሰልፍ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ ለማንም አንገቱን አይደፋም።

ሄሬል ፈረሱ ላይ ተቀምጦ በሩ ላይ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው።

"ማን ፈቀደልሽ በዚህ እንድታልፊ?"

"መንገዱ የንጉሡ ነው እንጂ የእርሻው አይደለም፣ ሚስተር ሄሬል።"

"አውቀሽ ነው በደጄ የመጣሽው!"

"እንዴታ! ቅዳሜ ሳይመሽ ልቀቁ አሉን፤ ይኸው ለቀቅን። ሳንቃ እንዳልሰረቅንዎት ቆጥረው ይመኑ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ እርስዎ ይልቀቁልን፤ በሩ ከባድ ነው።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሄሬል ፊቱ በርበሬ መሰለ። ያን ሁሉ ሰው በአለንጋ እንደማይችለው ገባውና ልጓሙን ሳበ። ጸሎት ቤቷ አለፈች።

ግን ዓለም እንዲህ ቀላል አይደለችም። የመጨረሻው ሳንቃ ዳገቱ ላይ ሲወርድ ሰማዩ ጠቆረ። በአጨዳ ወራት ዝናብ አይጥልም፤ በዚህ ተማምኖ ነው ፊትዝኸርበርት በጠመኔ የጻፈው። የዚያን ቀን ግን ዶፍ ወረደ። ሲያባራ ምልክቱ ሁሉ ታጥቦ ነጭ ውሃ ሆኖ በድንጋዩ መሃል ይፈስሳል። አናጢው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ሁለት ክፋይ አንሥቶ ሞከረ፤ አልገጠመም። ሌላ ሞከረ፤ አልገጠመም። እየመሸ ነበር።

"ሳምንት ይፈጃል፣ እህት ሚንታ" አለ። "ነገ አትደርስም። ገደልኳት።"

ሚንታም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። በሩ ላይ ተቀመጠች፤ በሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። "ሂዱና ብሉ፤ ጎህ ሲቀድ ኑ" አለቻቸው ብቻ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሁሉም መጡ። ሚንታ እንቅልፍ ባጣ ዓይኗ አየቻቸው። አንዷ አሮጊት አጎንብሳ አንዱን ሳንቃ በጣቷ ትደባብሳለች።

"ይህችን ዓይን የምትመስል የእንጨት ቋጠሮ አውቃታለሁ" አለች አሮጊቷ። "ስብከቱ ሲረዝምብኝ እሷን ነው የማየው።"

ሚንታ ከተቀመጠችበት ተነሣች። "ሁላችሁም!" ብላ ጮኸች። "እያንዳንድሽ የተደገፍሽውን ግድግዳ ፈልጊ! ከማን ጎን እንደምትቀመጥ ታውቃለህ፤ ግድግዳህንም ከግድግዳው ጎን አቁም!"

ሰዉ ሳንቃውን ይፈታትሽ ገባ። ባርኔጣ ይሰቀልበት የነበረ ምስማር፣ የሕፃን ጥርስ የበላው ጠርዝ፣ አንድ ቆራጭ በልጅነቱ በስብከት ሰዓት የቦረቦረው ቀዳዳ፣ ሁሉም ባለቤቱን አገኘ። "ይቺ የኔ ናት!" "ወግድ፣ ከኔ ቀጥሎ እኮ አንተ አይደለህም!" እየተባባሉ ገጠሟት። ፊትዝኸርበርት ምስማሩን እየመታ ያለቅሳል፣ ይስቃል። በመጨረሻ አንድ ክፋይ ብቻ ባለቤት አጣ። ክፍተቱም እንደ ወላቃ ጥርስ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ሳንቃው ግን ወደየት እንደሚዞር ማንም አላወቀም።

ሲሊ አረቄ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ቀስ ብሎ መጣና ሳንቃውን ገለበጠው። ከታች በኩል፣ የልጅ እጅ በጥፍር የፋቃት መርከብ አለች።

"ይሄ ወደ ታች ነው" አለ። "እኔና ጆሴፈስ ነን የሣልናት።"

ሚንታ መርከቧን በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ ሳንቃውን በአንድ ወገን እሷ፣ በሌላው ሲሊ ይዘው ቦታው ላይ አቆሙት።

ቆርቆሮው እየተመታ ሳለ የቄስ ዊልክስ ጋሪ ደረሰ። ቁርጡን አይቶ፣ ከቁጥር አውጥቷት ሊመለስ ነበር የመጣው። መንገዱ ላይ ቆሞ አንዴ ጸሎት ቤቷን፣ አንዴ አረቄ ቤቱን አየ።

"እህት ይርውድ! ከአረቄ ቤት ጎን?"

"ጎን ነው፤ ውስጥ አይደለም።"

"ከልክዬዎት አልነበረም? ማን ፈቀደልዎት?"

"ፈቃድ የሚጠየቀው ቤት ሳይቆም ነው፣ ቄስ። ይህች ቆማለች። በገዛ ጣሪያዋ ሥር ብለውኝ አልነበር? ጣሪያው ያውና። ይግቡ፤ ካልገቡም ጋሪዎን ያርቁልን፣ ሰው እየመጣ ነው።"

መልሱን አልጠበቀችም። ገብታ ሰባኪው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመች፤ ከዚያ በፊት ሴት ቆማበት አታውቅም። ቤቷ ጢም ብላለች፤ ቆራጮቹም፣ የደብሩ ሴቶችም፣ ዶሚኖ ተጫዋቾቹም አሉ። ሲሊ አረቄ ቤቴን አልዘጋም ብሎ ነበርና አልዘጋውም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሻጭም ጠጪም ግን አልነበረበትም። ሚንታ ጸለየች። ከዚያ ስብከቷን ጀመረች፤ ሰውን ከመሬቱ ማስነሣት ስለሚችሉ፣ ከእምነቱ ግን ስለማይችሉ ጌቶች ነበር የምትናገረው፤ አንድም ሰው ሰልችቶት የሳንቃ ቋጠሮ አላየም።

ስብከቱ ጋም ሲል በሩ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ቄሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ከፊት ቦታ አልነበረምና ከኋላ ተጠጋጉለት፤ ከዶሚኖ ተጫዋቾቹ መሃል ተቀመጠ። ሚንታ ንግግሯን አቋርጣ እስኪደላደል ጠበቀችው።

ከዚያም ምንም እንዳያመልጠው ብላ ስብከቱን ከመጀመሪያው ጀመረችለት።